የሆኪ ማሊያ ቁጥር በክብር ሊሰቀልለት የሚገባው ማን ነው? የውሳኔ መመሪያ ከደንብ እስከ ባነር

በበረዶ ሆኪ የአንድን ተጫዋች ማሊያ ቁጥር በክብር መስቀል ማለት ስሙንና ቁጥሩን የያዘ ባነር ከስታዲየሙ ጣሪያ ሥር ማንጠልጠል፣ ከዚያ ወዲያም ማንም የክለቡ ተጫዋች ያንን ቁጥር እንዳይለብስ መከልከል ነው። ባነሩ በአንድ ምሽት ይሰቀላል፤ ክልከላው ግን ክለቡ እስካለ ይቀጥላል። ኮሚቴዎች በብዛት የሚሳሳቱት ስለ ምሽቱ እያሰቡ ክልከላውን ስለሚረሱት ነው።

መመሪያው ለክለብ ኮሚቴዎች፣ ለቀድሞ ተጫዋቾች ማኅበራትና በልጆቻቸው ክለብ ቦርድ ውስጥ ለሚያገለግሉ ወላጆች የተዘጋጀ ነው፤ የሚወደውን ተጫዋች ይዞ በማስረጃ መከራከር የሚፈልግ ደጋፊም ይጠቀምበታል። ምሳሌዎቹ ከሰሜን አሜሪካው ሊግ ከኤንኤችኤል የተወሰዱ ናቸው። ዓመታቱ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

1. መጀመሪያ ያላችሁን ቁጥር ቁጠሩ

በኤንኤችኤል መልበስ የሚቻለው ከ1 እስከ 98 ያለውን ነው። 0 እና 00 አይፈቀዱም፤ 99 ደግሞ ከፌብሩዋሪ 2000 ጀምሮ ለታላቁ አጥቂ ለዌይን ግሬትስኪ ክብር ሲባል በሁሉም ክለቦች ታግዷል። 98 ቁጥር ብዙ ይመስላል። ነገር ግን በዋናው ቡድን የሚመዘገቡት እስከ 23 ቢሆኑም ክለቡ እስከ 50 ተጫዋች በኮንትራት መያዝ ይችላል፤ በቅድመ ውድድር ዝግጅት ጊዜ የሙከራ ተጫዋቾች ሲጨመሩ ደግሞ ማሊያ የሚፈልገው ሰው ከዚያም ይበልጣል። ሁሉም የሚሻማው ደግሞ በትንንሾቹ ቁጥሮች ላይ ነው።

ሞንትሪያል ካናዲየንስ 15 ቁጥሮችን ለ18 ተጫዋቾች ሰቅሏል። በዚህም ከ1 እስከ 12 ካሉት ቁጥሮች ለአዲስ ተጫዋች የቀሩት 6፣ 8 እና 11 ብቻ ናቸው። በቶሮንቶ ሜፕል ሊፍስ ከ1 እስከ 10 ካሉት 2፣ 3 እና 8 ቀርተዋል።

ሞንትሪያልን እንደ መለኪያ ውሰዱት። ከ1909 ጀምሮ የኖረና የሻምፒዮንነቱን ዋንጫ ስታንሊ ካፕን 24 ጊዜ የወሰደ ክለብ ነው፤ እሱ እንኳ ሲካፈል በ7 ወይም በ8 ዓመት አንድ ቁጥር ቢሰቅል ነው። ያንን ያህል ዋንጫ የሌለው ክለብ ከዚህ በፈጠነ አካሄድ የሚሰቅል ከሆነ ክብሩ እየረከሰ ነው ማለት ነው። እኛ የምንመክረው በ10 ዓመት አንድ ቁጥር ነው፤ ያልተጠቀማችሁበት ወደሚቀጥለው 10 ዓመት ይተላለፍ። ታላላቅ ተጫዋቾች ተሰብስበው በአንድ ዘመን የሚመጡበት ጊዜ አለና፣ እንደ 1980ዎቹ ኤድመንተን ኦይለርስ፣ የተጠራቀመው ያን ጊዜ ያገለግላል።

ለሰፈርና ለትምህርት ቤት ክለቦች ሒሳቡ ሌላ ነው። ማሊያ የሚገዛው በስብስብ ነው፤ ከ1 እስከ 20 የተጻፈበት ስብስብ ካላችሁና 7 ከተሰቀለ በእያንዳንዱ የዕድሜ ቡድን ስብስብ ውስጥ አንድ ማሊያ ይባክናል፣ በምትኩም ሌላ ቁጥር ለብቻው ማሠራት የግድ ነው። ቀለሙም ከአሮጌው ጋር አይገጥምም። ስለዚህ ክልከላው በዋናው ቡድን ብቻ እንዲወሰን አድርጉ፣ አለዚያም ማሊያውን በመስታወት ፍሬም አድርጋችሁ ቁጥሩን ለልጆቹ ተዉላቸው።

2. ደንቡን ስም ሳይነሳ ጻፉ

ስም ከተነሳ በኋላ የሚጻፍ ደንብ ለዚያ ሰው ልክ የተሰፋ ይሆናል። ከወዲሁ አንድ ገጽ ተኩል የሚሆን ጽሑፍ አዘጋጁ፤ በቦርድ አጽድቁት፤ ከዚያ በኋላ ቢያንስ አንድ የውድድር ዘመን ሳይሞላ የማንም ስም አይቅረብ።

በደንቡ ውስጥ ከሁሉ የሚጠቅመው ክብርን በሁለት እርከን መክፈል ነው። የመጀመሪያው እርከን ባነር ወይም ስም ተሰጥቶ ቁጥሩ አገልግሎት ላይ የሚቆይበት ነው። ሁለተኛው ቁጥሩ ጨርሶ የሚነሳበት ነው። ካልጋሪ ፍሌምስ በ2012 የመጀመሪያውን ዓይነት ክብር ለተከላካዩ አል ማኪኒስ ሰጥቶ ጀመረ፤ ቫንኩቨር ካናክስም ከ2010 ጀምሮ ቁጥር ሳይነካ ስም ብቻ የሚያስቀምጥበት የክብር ቀለበት አለው። ይህ እርከን ከሌለ ኮሚቴው ሁሉን ስጥ ወይም ምንም አትስጥ የሚል አጣብቂኝ ውስጥ ይገባል፤ የሚወደድ ግን መመዘኛውን የማያልፍ ተጫዋች ሲቀርብ ፊት ለፊት እምቢ ማለት ስለሚከብድ ቁጥሩ ይሰቀላል።

ሁለት እርከን መኖሩ ብቻውን ግን አይበቃም። ቶሮንቶ ለረጅም ዓመታት ያነሳቸው ሁለት ቁጥሮችን፣ 5 እና 6ን ብቻ ነበር፤ ሌሎቹን ታላላቆች ቁጥራቸውን አገልግሎት ላይ እያቆየ ነበር የሚያከብረው። በ2016 አሠራሩን ለውጦ ሁሉንም በአንድ ምሽት አነሳቸው። ትምህርቱ ግልጽ ነው፦ በታችኛው እርከን የክለቡን ምርጦች ካስቀመጣችሁ ጥያቄው አያበቃም። በታችኛው የሚቀመጡት በእርግጥም የላይኛውን የማያልፉት ይሁኑ።

3. ፋይሉን አዘጋጁ፤ በክለቡ የተጫወተበትን ዘመን ብቻ

ለእያንዳንዱ እጩ ከሁለት ገጽ የማይበልጥ ፋይል ይዘጋጅ። የሚገባበት፦ በክለቡ የተጫወታቸው የውድድር ዘመናትና ጨዋታዎች፣ ጎልና አሲስት (ጎል ያስገኘ ማቀበል፤ ሁለቱ ሲደመሩ ነጥብ ይባላሉ)፣ የፕሌይኦፍ (ከመደበኛው ውድድር በኋላ ያለው የጥሎ ማለፍ) ጨዋታዎችና ውጤት፣ ዋንጫዎች፣ አምበል የሆነባቸው ዓመታት፣ የሊጉ ሽልማቶች፣ በክለቡ የምንጊዜም ሠንጠረዥ ያለው ደረጃ። ከሌላ ክለብ ጋር ያገኘው ሁሉ በአንድ መስመር ይጠቀስና ይታለፍ። የተጫዋቹን ሙሉ ሕይወት የሚመዝነው በቶሮንቶ ያለው የሆኪ የዝና አዳራሽ ነው፤ የእናንተ ሥራ ለእናንተ ክለብ ምን እንዳደረገ መመዘን ነው።

ቁጥሮችን ከዘመናቸው ነጥላችሁ አታንብቡ። በ1981-82 በአንድ ጨዋታ ሁለቱ ቡድኖች ተደምረው በአማካይ 8 ገደማ ጎል ያስቆጥሩ ነበር፤ በ2003-04 ይህ ወደ 5 ወርዷል። በመጀመሪያው ዘመን 100 ነጥብ ያለፉት ከ10 በላይ ነበሩ፣ ግሬትስኪ ብቻውን 212 ነበረው። በሁለተኛው የሊጉ ነጥብ መሪ የሆነው ማርቲን ሴንት ሉዊ ያገኘው 94 ነው። ሁለት አጥቂዎችን በጥሬ ነጥብ ካወዳደራችሁ የ1980ዎቹ መካከለኛ ተጫዋች ከ2000ዎቹ ምርጥ በላይ ይቀመጣል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ከነጥቡ ጎን በዚያ ዓመት በሊጉ ስንተኛ እንደነበር ጻፉ። ለተከላካይና ለግብ ጠባቂ ደግሞ የሽልማት ድምፅ አሰጣጥ ውስጥ በስንት ዓመት ከመጀመሪያዎቹ አምስት እንደገባ መቁጠር ከሌላው ሁሉ ይሻላል።

4. ሦስቱ ጥያቄዎች

ፋይሉ ሲያልቅ እጩው በሦስት ጥያቄዎች ይታይ።

አንደኛ፣ የእኛ ነበር ወይ? ለኤንኤችኤል ክለብ የምንመክረው መነሻ 500 ጨዋታ ወይም 8 የውድድር ዘመን ነው። ቦቢ ኦር ጉልበቱ ቶሎ ቢከዳውም ለቦስተን ብሩንስ 631 ጨዋታ አድርጓል፤ መነሻው ለአጭር ግን ለታላቅ ዘመን በር ይከፍታል። ኒክላስ ሊድስትሮም ለዲትሮይት ሬድ ዊንግስ 20 የውድድር ዘመን፣ 1,564 ጨዋታ ነው፤ ክርክር የለበትም። ከባዱ ምሳሌ ሬይ ቡርክ ነው። ቦስተን ውስጥ ከ20 ዓመት በላይ ኖሯል። በማርች 2000 ወደ ኮሎራዶ አቫላንች ሄዶ በ2001 ስታንሊ ካፕ አነሳና ጫማውን ሰቀለ። በመደበኛው ውድድር ለኮሎራዶ የተጫወተው 94 ጊዜ ነው፤ ሆኖም ክለቡ በዚያው ዓመት 77 ቁጥሩን ሰቀለለት። የዚያ ዋንጫ ደስታ የቅርብ ስለነበር ውሳኔው ይገባናል፤ ትክክል ነበር ግን አንልም። እንዲህ ላለው የመጀመሪያው እርከን ይበቃል።

ሁለተኛ፣ በዘመኑ ከሊጉ ምርጦች አንዱ ነበር ወይ? ከክለቡ ምርጦች አላልንም፤ ደካማ ቡድን ውስጥም ምርጥ የሚባል አይጠፋም። ኦር የዓመቱ ምርጥ ተከላካይ የሚሸለመውን የኖሪስ ዋንጫ 8 ዓመት በተከታታይ ወስዷል፤ ሊድስትሮም 7 ጊዜ። እጩው በክለቡ ማሊያ ቢያንስ አንድ ትልቅ የሊግ ሽልማት ወይም ሦስት ዓመት በሊጉ ምርጥ ቡድን ውስጥ ምርጫ ከሌለው ይህን ጥያቄ አላለፈም።

ሦስተኛ፣ እሱን ትቶ የክለቡን ታሪክ መናገር ይቻላል ወይ? ይህን በቁጥር መመለስ አይቻልም፤ የኮሚቴው ማስተዋል የሚፈተነውም እዚህ ነው። ዊሊ ኦሪ ለቦስተን የተጫወተው 45 ጨዋታ ነው፤ 4 ጎል፣ 10 አሲስት። የቀኝ ዓይኑ አያይም ነበር። ነገር ግን ጃንዋሪ 18 ቀን 1958 በኤንኤችኤል የተጫወተ የመጀመሪያው ጥቁር ሰው ሆነ። 22 ቁጥሩ ከ64 ዓመት በኋላ በዚያው ቀን ጃንዋሪ 18፣ 2022 ተሰቀለ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጥያቄዎች ፈጽሞ አያልፍም፤ ሦስተኛውን ግን ከማንም በላይ ያልፋል፤ ቁጥሩ መሰቀሉም ተገቢ ነው።

በዋሽንግተንና በአካባቢው ያላችሁ አንባቢዎች ወደ ካፒታልስ ጨዋታ ስትገቡ ቀና ብላችሁ 5 እና 7ን እዩ። 5 የሮድ ላንግዌይ ነው፤ በ1982 ከሞንትሪያል መጥቶ በ1983 እና በ1984 ኖሪስን ወሰደ፣ ለዓመታት አምበል ሆኖ ሲንገዳገድ የነበረውን ክለብ ወደ ፕሌይኦፍ አስገባ። ሦስቱንም ያልፋል። 7 የኢቮን ላብር ነው። ጎል አስቆጣሪ አልነበረም፤ በ1974-75 የክለቡ የመጀመሪያ ዓመት ቡድኑ ከ80 ጨዋታ 8 ብቻ ሲያሸንፍ ከነበሩት አንዱ ነው፣ ኋላም አምበል ሆነ። እሱ የተሰቀለው ክለቡ ገና ለጋ በነበረበት፣ ከፍ አድርጎ የሚያሳየው ሌላ ሰው ባልነበረው ጊዜ ነው። አዲስ ክለቦች በዚህ በኩል ይፈተናሉ፤ ቢያንስ የመጀመሪያዎቹን 15 ዓመታት ባይሰቅሉ ይመረጣል። አሌክስ ኦቬችኪንማ ምን ፋይል ያስፈልገዋል? የ2018 ስታንሊ ካፕ፣ በኤፕሪል 2025 ደግሞ የግሬትስኪን 894 ጎል ያለፈ፣ ሁሉንም በዚሁ ማሊያ።

የውሳኔው ቀመር ይህ ይሁን፦ ሦስቱንም ያለፈ ወደ ድምፅ ይቅረብ። የመጀመሪያውንና ሌላ አንድ ያለፈ በመጀመሪያው እርከን ይከበር። ሦስተኛውን ብቻ ያለፈ ከመደበኛው በላይ በሆነ ድምፅ ብቻ ይታይ፣ ምክንያቱም በጽሑፍ ይቀመጥ። የኦታዋ ሴናተርሱ ክሪስ ኒል እዚህ ላይ ያከራክራል፤ ለአንድ ክለብ ብቻ 1,026 ጨዋታ፣ 250 ነጥብ፣ ብዙ ቡጢ፣ ከከተማው ሕዝብ ትልቅ ፍቅር። ሴናተርስ በ2023 ቁጥር 25ን ሰቀሉለት። በእኛ ቀመር የመጀመሪያው እርከን ይገባው ነበር።

5. ሞትና ጉዳት ሲመጣ

በኤንኤችኤል የመጀመሪያው የተነሳ ቁጥር የመጣው በጉዳት ምክንያት ነው። ዲሴምበር 12 ቀን 1933 የቦስተኑ ኤዲ ሾር ከኋላ መትቶት የቶሮንቶው ኤስ ቤይሊ ጭንቅላቱ በበረዶው ላይ ተሰነጠቀ፤ ተረፈ እንጂ ተመልሶ አልተጫወተም። ፌብሩዋሪ 14 ቀን 1934 ለእሱ መርጃ በተዘጋጀው ጨዋታ ላይ 6 ቁጥሩ ተነሳ። በዚያው ምሽት ከሾር ጋር ተጨባበጡ።

ሐዘን ትኩስ ሳለ፣ አርባው እንኳ ሳይወጣ የሚሰጥ ውሳኔን ኋላ የሚቃወም አይገኝም፤ ስለዚህ ያን ጊዜ ድምፅ አትስጡ። ይልቁንም ቁጥሩን ያለ መግለጫ ከዕደላ አውጡት፤ የትጥቅ ኃላፊው ብቻ ይወቀው። ከ5 ዓመት በኋላ በሦስቱ ጥያቄዎች ይታይ። የፒትስበርግ ፔንግዊንሱ ሚሼል ብሪየር አንድ የውድድር ዘመን ተጫውቶ በ1970 በመኪና አደጋ ተጎዳ፣ በ1971 አረፈ። 21 ቁጥሩን ማንም ሳይለብሰው ቆየ፤ በይፋ የተሰቀለው በ2001 ነው። ፊላደልፊያ ፍላየርስ በ1985 በመኪና አደጋ የሞተውን ግብ ጠባቂ የፔሌ ሊንድበርግን 31 በይፋ አልሰቀለም፤ ሆኖም ለማንም አልሰጠም። ሁለቱም ቤተሰቡን የሚያከብሩ፣ ክለቡንም የማያስሩ መንገዶች ናቸው።

6. ጊዜው

የዝና አዳራሹ ተጫዋቹ ካቆመ 3 ዓመት ሳይሞላ አይመርጥም፤ እናንተም እንዲሁ አድርጉ። ማሪዮ ለሚዩ በ1997 አቁሞ 66 ቁጥሩ በዚያው ዓመት ተሰቀለ፣ በዲሴምበር 2000 ተመልሶ ሊጫወት ሲገባ ባነሩ ወረደ። ኤድመንተን ደግሞ መጀመሪያ የዝና አዳራሹ እንዲመርጠው ይጠብቃል፤ የኬቨን ሎው 4 ቁጥር የተሰቀለው እሱ ከተመረጠ በኋላ በ2021 ነው። ይህ ክለቡን ከወዳጅነት ጫና ያወጣዋል፤ ሆኖም ለአካባቢው ብቻ ታላቅ የሆነውን ሰው ያስቀራል።

መዘግየትም ጉዳት አለው። በርኒ ጆፍሪዮን ከሞንትሪያል የመጨረሻ ጨዋታው ከ40 ዓመት በላይ አልፎት 5 ቁጥሩ ሊሰቀል ማርች 11 ቀን 2006 ተቀጠረ፤ በዚያው ቀን ጠዋት አረፈ። ሥነ ሥርዓቱ ቤተሰቡ ባለበት ተካሄደ። መመዘኛውን አልፈው የሚጠብቁ ብዙ ከሆኑ ዕድሜያቸው ከ70 ያለፈ ይቅደም።

7. ድምፅ አሰጣጥ

ኮሚቴው 9 ሰው ይሁን፦ ከተለያየ ዘመን ሦስት የቀድሞ ተጫዋቾች፣ የክለቡ መዝገብ ያዥ፣ የትጥቅ ኃላፊው፣ ቡድኑን ለረጅም ጊዜ የተከታተለ ጋዜጠኛ፣ ሁለት የደጋፊ ተወካዮች፣ አንድ የባለቤቱ ወኪል። ለመደበኛ እጩ 7 ድምፅ፣ በሦስተኛው ጥያቄ ብቻ ለሚቀርብ 8። የዝና አዳራሹም ከ18 አባላት 14 ይጠይቃል። ድምፁ ምስጢራዊ ይሁን። በዓመት ከአንድ ስም በላይ አይቅረብ፤ የወደቀ ስም ለ3 ዓመት አይመለስ።

ከአባላቱ አንዱ በዕጣ ይመረጥና በእጩው ላይ ተቃውሞ እንዲጽፍ ይደረግ፣ እጩውን ቢወደውም። ይህን ሥራ ለአንድ ሰው ካልሰጣችሁት ማንም አይሠራውም።

በስብሰባው ላይ ከሁሉ የሚያሳስተው «እገሌ ከተሰቀለ እሱ ለምን ይቀራል?» የሚለው ነው። አነጋገሩ ፍትሕ ይመስላል፤ ነገር ግን እጩውን የሚያስተያየው ከተሰቀሉት ዝቅተኛ ከሆነው ጋር ነው። በዚህ መንገድ እያንዳንዱ አዲስ ባነር መነሻውን አንድ ደረጃ ያወርደዋል። ንጽጽሩ ከተሰቀሉት መካከል መሃል ላይ ካለው ጋር ይሁን።

8. ቁጥሩን ራሱን መርምሩ

ከመግለጫው በፊት የትጥቅ ኃላፊው ቁጥሩን ማን ማን እንደለበሰው ይዘርዝር። ሌላ ታላቅ ካለበት ሁለቱን አብራችሁ ስቀሉ፤ ሞንትሪያል 5፣ 12 እና 16ን ለሁለት ለሁለት ሰው አድርጓል።

አሁን የሚለብሰው ካለ ከማንም በፊት እሱን አነጋግሩት። ዲሴምበር 3 ቀን 1987 ቦስተን የፊል ኤስፖዚቶን 7 ሲሰቅል ያን ቁጥር የሚለብሰው ገና ከመጀመሪያው ዓመቱ ጀምሮ ሬይ ቡርክ ነበር። ቡርክ በበረዶው ላይ ወደ ኤስፖዚቶ ሄደ፣ 7 ያለበትን ማሊያ አውልቆ ሰጠው፤ ከሥሩ 77 ለብሶ ነበር። ያ የሆነው ቡርክ ራሱ ስለፈቀደ ነው። ፈቃደኛ ያልሆነን ተጫዋች አታስገድዱት፤ ቁጥሩ እሱ ከክለቡ ሲወጣ እንደሚነሳ ወስናችሁ ባነሩን መስቀል ትችላላችሁ።

9. መግለጫ፣ ባነርና የመጨረሻዎቹ አንቀጾች

ለተጫዋቹ ወይም ለቤተሰቡ የክለቡ ፕሬዚዳንት ራሱ ይደውል፤ መግለጫ ከዚያ በኋላ ይውጣ። የባነሩ ጽሑፍ ከመታተሙ በፊት ስሙን ተጫዋቹ ራሱ እንደሚጽፈው ፈርሞ ያረጋግጥ፣ በተለይ የስዊድን፣ የፊንላንድና የቼክ ስሞች ላይ ያሉት ምልክቶች ቶሎ ይወድቃሉ። ሥነ ሥርዓቱ የሚጀምርበትና ጨዋታው የሚጀምርበት ሰዓት ተለይቶ ይነገር፤ ሁለቱም ቡድኖች የማሟሟቂያ ሰዓታቸውን የሚያስተካክሉት በዚያ ነው።

ደንቡ በሦስት አንቀጽ ይዘጋ። ክልከላው የወጣቶችና የሴቶች ቡድንን ይጨምራል ወይስ አይጨምርም? ክለቡ ከተማ ቢቀይር ባነሮቹ ምን ይሆናሉ? ኩቤክ ኖርዲክስ በ1995 ወደ ኮሎራዶ ሲሄድ የሰቀላቸው ቁጥሮች ሁሉ ወደ አገልግሎት ተመለሱ፤ ይህን የሚከለክል ነገር አልነበረም። የተሰቀለን ቁጥር መልሶ የመፍቀድ መብትስ የማን ነው? ቤይሊ በ1968 ራሱ ጠይቆ 6ን ለሮን ኤሊስ አስሰጥቷል፤ ቦቢ ሃልም በ2005 ልጁ ብሬት በፊኒክስ ክለብ ለአባቱ ተነስቶ የነበረውን 9ን እንዲለብስ ፈቅዷል። መብቱ የተጫዋቹ ሆኖ በሕይወት እስካለ ብቻ እንዲጸና፣ ከእሱ በኋላ ለማንም እንዳይተላለፍ ጻፉት።